አውሮፕላንን ከመዝገብ ማሰረዝ ምንድን ነው?

አውሮፕላን ዜግነት አለው። አካሉ ላይ የተጻፉት ፊደላት የየትኛው አገር መዝገብ ላይ እንደሰፈረ ይናገራሉ። በ«ቪቲ» የሚጀምር የሕንድ ነው፣ በ«ጂ» የሚጀምር የብሪታንያ። እ.ኤ.አ. በ1944 የተፈረመው የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ውል፣ የቺካጎ ስምምነት፣ አንቀጽ 18 ደግሞ ነገሩን ቁርጥ አድርጎታል፤ አንድ አውሮፕላን በአንድ ጊዜ በሁለት አገሮች ሊመዘገብ አይችልም። መቀየር ግን ይችላል። ስለዚህ አዲሱ አገር ከመመዝገቡ በፊት የቀድሞው መልቀቅ አለበት። ከመዝገብ መሰረዝ የሚባለው ይኸው መልቀቅ ነው።

ሁሉም ከተስማሙ ሥራው የወረቀት ጉዳይ ነው። ባለቤቱ ለአገሩ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ያመለክታል፣ የምዝገባ ምስክር ወረቀቱን ይመልሳል። አውሮፕላኑ በብድር መያዣነት ተይዞ ከሆነ የአበዳሪው ፈቃድም ይጠየቃል። ስረዛው ሲያልቅ ለአዲሱ አገር ማረጋገጫ ይላካል። የድሮው ምልክት ይነሳል። ትራንስፖንደሩ፣ ማለትም አውሮፕላኑን ለራዳር የሚያሳውቀው መሣሪያ፣ የሚያሰራጨው መለያ ኮድም ይቀየራል፤ ኮዱን የሚሰጠው የመዝገቡ አገር ነውና። አውሮፕላኑ ከአንዱ መዝገብ ወጥቶ ሌላው ላይ እስኪሰፍር ድረስ አገር አልባ ስለሆነ መብረር አይችልም። ጠበቆች ሁለቱንም በአንድ ቀን ለመጨረስ የሚሯሯጡት ወደው አይደለም።

ጣጣው የሚመጣው ኪራይ ላይ ነው። ብዙ አየር መንገዶች የሚያበሯቸው አውሮፕላኖች የራሳቸው አይደሉም፣ በሊዝ የተያዙ ናቸው። ተከራዩ መክፈል ሲያቆም አከራዩ ንብረቱን ወስዶ ለሌላ ማከራየት ይፈልጋል። ነገር ግን አውሮፕላኑን በእጁ ቢያስገባው እንኳ ከመዝገቡ ካልወጣ ሌላ አገር ወስዶ ሊያስመዘግበው አይችልም። ያኮረፈ ተከራይ ደግሞ በፈቃዱ አይፈርምም።

መላው የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው የኬፕ ታውን ስምምነትና በአውሮፕላን ፕሮቶኮሉ ነው። አየር መንገዱ ገና ፍቅር ሳለ አንድ ወረቀት ይፈርማል። በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «አይዴራ» ይሉታል፤ አውሮፕላኑን ለማሰረዝና ከአገር ለማስወጣት የሚሰጥ የማይሻር ፈቃድ ነው። ወረቀቱ ባለሥልጣኑ ዘንድ ይመዘገባል። ከዚያ በኋላ ስረዛ መጠየቅ የሚችለው በወረቀቱ የተጠቀሰው ወገን ብቻ ነው፤ አየር መንገዱም ያለ እሱ ፈቃድ ሊሽረው አይችልም። ውሉ ሲፈርስ አከራዩ ወረቀቱን ይዞ ይቀርባል። ከእሱ የሚቀድም የተመዘገበ መብት ያለው አበዳሪ ካለ ግን መጀመሪያ ያንን ማስፈቀድ ወይም ዕዳውን መዝጋት አለበት። ቅደም ተከተሉ የሚታየው የአውሮፕላን ዜግነት ሳይሆን የአበዳሪዎችና የአከራዮች መብት በሚሰፍርበት፣ ደብሊን ባለው ዓለም አቀፍ መዝገብ ነው። በእኔ ግምት በአውሮፕላን ኪራይ ውል ውስጥ እንደዚህ አጭር ሆኖ እንደዚህ ጉልበት ያለው ወረቀት የለም።

ጉልበቱ ግን የአገሩን ሕግ ይጠብቃል። ሕንድ ስምምነቱን የተቀላቀለችው እ.ኤ.አ. በ2008 ቢሆንም በአገር ውስጥ የሚያስፈጽመውን ሕግ ሳታወጣ ዓመታት አለፉ። ጎ ፈርስት የተባለው አየር መንገድ በግንቦት 2023 የኪሳራ ሂደት ውስጥ ሲገባ የኪሳራ ችሎቱ በአየር መንገዱ እጅ ያለው ንብረት ሁሉ እንዳይወሰድ አገደ። አከራዮቹ ወረቀታቸውን ቢያቀርቡም ሰሚ አጡ። 54 አውሮፕላኖች አንድ ዓመት ገደማ መሬት ላይ ቆሙ። የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ይሰረዙ ብሎ ያዘዘው በሚያዝያ 2024 ነው። አስፈጻሚው ሕግ የወጣው በ2025 ሆነ።

ሩሲያ እ.ኤ.አ. በ2022 ያደረገችው የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ማዕቀብ ሲጣል የውጭ አከራዮች ውላቸውን አቋርጠው አውሮፕላኖቻቸውን ጠየቁ። ብዙዎቹ የተመዘገቡት የብሪታንያ ግዛት በሆነችው ቤርሙዳ ነበር። ሞስኮ ግን የቀድሞው መዝገብ ሳይለቃቸው በራሷ መዝገብ ላይ አሰፈረቻቸው። አንቀጽ 18 አይሆንም ያለው ድርብ ምዝገባ በመቶዎች በሚቆጠሩ አውሮፕላኖች ላይ ተፈጸመ። ቤርሙዳ የበረራ ብቁነት ምስክር ወረቀታቸውን አገደች። አከራዮቹም አውሮፕላኖቹን መጠበቅ ትተው የኢንሹራንስ ኩባንያዎችን ወደ መክሰስ ዞሩ።