ሆሎታይፕ ምንድን ነው? የእንጨት ፈንገስ ስም የሚታሰርበት ካስማ

ዘጌ ውስጥ፣ ቡናና ጌሾ በሚያድጉበት ጥላ ሥር፣ በወደቀ የዋንዛ ግንድ ላይ እንደ መደርደሪያ የተደራረበ እንጉዳይ ተገኘ እንበል። ከላይ ቡናማ ነው፤ ከሥሩ ነጭ ሆኖ በመርፌ የተወጋ የሚመስሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። ከታወቁት ዝርያዎች መግለጫ ጋር ቢነጻጸር የሚመስለው ጠፋ፤ ዲኤንኤውም ከማንም ጋር አልገጠመም። ይህ ሁሉ ሆኖም ፈንገሱ ገና ስም የለውም። ስም የሚኖረው ከተሰበሰበው ውስጥ አንድ የደረቀ ናሙና ተመርጦ፣ «ሆሎታይፕ» ተብሎ፣ በታወቀ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋትና ፈንገሶች ናሙና በሚጠበቅበት ቤት) ሲቀመጥና መግለጫው ሲታተም ነው።

ብዙዎች ሆሎታይፕን የዝርያው ምርጥ ወይም ዓይነተኛ ምሳሌ አድርገው ያስባሉ። አይደለም። ትንሽ፣ የተሰነጠቀ፣ ግማሹ የተበላ ሊሆን ይችላል። ሥራው ካስማ መሆን ነው። በሬ በካስማ እንደሚታሰር ስሙም በዚያ ናሙና ይታሰራል። የኋላ ተመራማሪዎች የዝርያውን ወሰን ቢያሰፉት ወይም ቢያጠቡት ገመዱ ረዘመ ወይም አጠረ ማለት ነው፤ ካስማው ግን አይነቀልም። አንድ የመሰለው ዝርያ ሁለት ሆኖ ሲገኝ የድሮው ስም ካስማው ካለበት ወገን ይቀራል፤ ሌላኛው አዲስ ስም ይወጣለታል።

ካስማው ሲረሳ ምን እንደሚሆን ጋኖደርማ የሚባለው የእንጨት ፈንገስ ወገን ያሳያል። ዊልያም ከርቲስ እ.ኤ.አ. በ1781 ዛሬ «ጋኖደርማ ሉሲደም» የምንለውን ፈንገስ የሰየመው ከእንግሊዝ አገር ነው። ከዚያ በኋላ በእስያም በአፍሪካም ቫርኒሽ የተቀባ የሚመስል እንጉዳይ በተገኘ ቁጥር ይኸው ስም ተለጠፈበት። ዲኤንኤ ሲታይ ግን በቻይና ለመድኃኒት የሚለማው ሌላ ዝርያ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ጣና ዳር ከግንድ ሥር የወጣ የሚያብረቀርቅ ጋኖደርማ ላይ ቸኩሎ «ሉሲደም» ብሎ መጻፍ ተገቢ አይደለም።

የፈንገስ ስም አወጣጥ ሕጉ የተጠናከረው ቀስ በቀስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ ስሙ የሚታሰርበት ናሙና የትኛው እንደሆነ መገለጽ አለበት፤ ከ1990 ጀምሮ የት ሄርባሪየም እንደተቀመጠ መጻፍ ግዴታ ነው። ከ2012 ወዲህ መግለጫው በላቲን ወይም በእንግሊዝኛ ይሆናል፤ ከ2013 ወዲህ ደግሞ እንደ ማይኮባንክ ካለ መዝገብ ቁጥር ያልወሰደ የፈንገስ ስም ዋጋ የለውም።

ነገሩ የሚበላሸው ግን ከወረቀቱ በፊት፣ ጫካው ውስጥ ነው። በየዓመቱ አዲስ ለሚወጡት እንጉዳዮች ጥሩው ጊዜ ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ ነው፤ በበጋ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ስፖር (ፈንገሱ የሚራባበት ብናኝ) የሌለው ደረቅ ቅርፊት ይሆናል። ደን ያለው ደብር ከሆነ ፈቃድ የሚጠየቀው ከደብሩ አስተዳዳሪ ነው። (ጣና ላይ ያለው ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት አትገባም፤ ቡድን ሲዋቀር ይታሰብበት።) ከመንቀል በፊት ከላይም ከሥርም ማስመሪያ አጠገቡ ተደርጎ ፎቶ ይነሳል። ከዚያ በጩቤ ወይም በመሮ ከእንጨቱ ጭምር ይነሳል። እንጨቱ የሚፈለገው አበሰባበሱን ለማየት ነው፤ ነጭና ክር ክር ከሆነ አንድ ወገን፣ ቡናማ ሆኖ እንደ ኩብ ከተሰነጣጠቀ ሌላ ወገን ነው። የዛፉም ስም ያስፈልጋል። ሾላ፣ ዋርካና ባምባ ሁሉም የፋይከስ ወገን ስለሆኑ «የሾላ ግንድ» ብሎ መጻፍ ብቻ አያስተማምን፤ ቅጠል ከተገኘ አብሮ ይወሰድ።

ናሙናው በወረቀት ከረጢት እንጂ በፌስታል አይያዝም። ፌስታል ውስጥ ያልበዋል፤ ባሕር ዳር እስኪደርስ ሻጋታ ይጀምረዋል፤ በኋላ የሚነበበውም ዲኤንኤ የሻጋታው ይሆናል። መለያው ላይ ቦታው፣ ከፍታው፣ የጂፒኤስ ነጥቡ፣ የሰብሳቢው ስምና ቁጥር ይጻፋል። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ወሩን በፊደል መጻፍ ይሻላል። «12/1/2016» ተብሎ ቢቀር አንዱ መስከረም 12 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 23 ቀን 2023 ይለዋል፤ ሌላው ጃንዋሪ 12 ቀን 2016 ብሎ ያነበዋል። በመካከሉ ከሰባት ዓመት በላይ አለ።

ማድረቁ በዚያው ቀን ማታ ይጀመር። 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሙቀትና ነፋስ ያለው ማድረቂያ፣ እንደ ውፍረቱ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን በቂ ነው። የክረምት ፀሐይ አትታመንም፤ ምድጃ ላይ የተደረገም ይበስላል። ለዲኤንኤ የሚሆን ትንሽ ቁራጭ አስቀድሞ ተቆርጦ እርጥበት በሚመጥ ሲሊካ ጄል ውስጥ ይገባል። የደረቀው ናሙና በላስቲክ ታሽጎ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር አንድ ሳምንት ይቆያል። ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። በውስጡ የተደበቁ ጥንዚዛዎች ግን ውለው አድረው ሆሎታይፑን ዱቄት ሊያደርጉት ይችላሉ።

ከዚያ ማይክሮስኮፕ ነው። በአንድ ሚሊሜትር ውስጥ ያሉት ቀዳዳዎች ይቆጠራሉ። ስስ ቁራጭ በምላጭ ተቆርጦ በ5 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ይርሳል፤ ፈንገሱ የተሠራባቸው ክሮች ስንት ዓይነት እንደሆኑና መጋጠሚያቸው ላይ ማያያዣ ጉብታ እንዳላቸው ይታያል። አዮዲን ባለበት የመልዘር ሪኤጀንት ስፖሩ ወይም ክሩ ቀለም መቀየሩ ይመዘገባል። ስፖር በ1000 እጥፍ አጉልቶ ቢያንስ 30 ያህል ይለካል፤ ያልበሰሉት ከተቀላቀሉ ልኩ ያነሰ ይመጣና የሌለ ዝርያ ይፈጠራል።

በዲኤንኤ በኩል መነሻው አይቲኤስ የሚባለው ክፍል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የፈንገስ ባርኮድ፣ ማለትም የዝርያ መለያ፣ ሆኖ ታውጇል። በመረጃ ቋት ውስጥ ግን የተሳሳተ ስም የተሰጣቸው ብዙ ናቸው። ማነጻጸር የሚገባው በተቻለ መጠን ከሌሎች ሆሎታይፖች ከተወሰደ ዲኤንኤ ጋር ነው። ናሙና የሌለው ዲኤንኤ ብቻውን ካስማ አይሆንም።

ናሙናው ለሁለት ከተከፈለ አንዱ ሆሎታይፕ፣ ሌላው አይሶታይፕ ይባላል። አንዱን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለው ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ ሌላውን ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ይመከራል፤ ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ይቀድማል። ሆሎታይፑ ቢጠፋ ወይም ቢቃጠል አይሶታይፑ ሌክቶታይፕ ተብሎ ቦታውን ይተካል። ከመጀመሪያው ስብስብ ምንም ካልተረፈ ግን ኒዮታይፕ፣ ማለትም አዲስ ምትክ ናሙና፣ መፈለግ ግድ ይሆናል፤ ለዚያም አንድ ሰው በነሐሴ ጭቃ ተመልሶ ዘጌ ገብቶ፣ ያንኑ ፈንገስ ያወጣ ሌላ የዋንዛ ግንድ ማግኘት ይኖርበታል።