ኤችዲፒ ምንድን ነው?

ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ጓደኛ ካላችሁ፣ ከሰዓት ስትደውሉለት «ኤችዲፒ ላይ ነኝ» ብሏችሁ ያውቅ ይሆናል። ኤችዲፒ የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም አጭር መጠሪያ ነው። ስሙ ያሳስታል። ዲፕሎማ ሲባል ከዲግሪ በታች ይመስላል፤ የሚወስዱት ግን ዲግሪ ያላቸው፣ እስከ ማስተርስና ፒኤችዲ የደረሱ መምህራን ናቸው። የሚማሩትም ማስተማርን ነው።

ለምን አስፈለገ? አገራችን ውስጥ የዩኒቨርሲቲ መምህር ብዙውን ጊዜ የሚቀጠረው በውጤቱ ነው። በኬሚስትሪ ወይም በምህንድስና ጥሩ ነጥብ ያመጣ ልጅ፣ በተመረቀ በወራት ውስጥ ተማሪዎች ፊት ይቆማል። ትምህርቱን ያውቀዋል። እንዴት እንደሚያስተምረው ግን ማንም አላሳየውም። ስለዚህ ራሱ በተማረበት መንገድ ይቀጥላል፤ ሃንድአውት ይበትናል፣ ስላይድ ያነባል፣ ሚድና ፋይናል ይፈትናል።

ፕሮግራሙ በ1996 ዓ.ም. ሲጀመር የታሰበው መምህራንን ለሚያሰለጥኑ ነበር። የመምህራን ትምህርት ሥርዓት ከሥሩ እየተከለሰ ነበር። ተማሪን የሚያሳትፍ አስተማሪ ከተፈለገ፣ እሱን የሚያሰለጥነው ሰው አስቀድሞ እንደዚያ ማስተማር አለበት፤ ሐሳቡ ይሄ ነው። ቪኤስኦ የተባለው የእንግሊዝ የበጎ ፈቃድ ድርጅት የላካቸው በጎ ፈቃደኞችም በስልጠናው ረድተዋል። ቆይቶ በየዩኒቨርሲቲው ላሉ የሌላ ሙያ መምህራንም ተዳረሰ።

ከተለመደው ዎርክሾፕ በጣም ይለያል። ዎርክሾፕ ሁለት ቀን ነው፤ አዳራሽ፣ ሻይ ቡና፣ አበል፣ ከዚያ ሁሉም ወደ ቤቱ። ኤችዲፒ ዓመቱን ሙሉ ይሄዳል። በሳምንት ጥቂት ሰዓት ትሰለጥናላችሁ፣ የተማራችሁትን ክፍላችሁ ውስጥ ትሞክራላችሁ፣ የሆነውን ጽፋችሁ ትመለሳላችሁ። አሳታፊ ዘዴ አለ፣ ተከታታይ ምዘና አለ፣ በገዛ ክፍላችሁ ችግር ላይ የምትሠሩት ተግባራዊ ምርምር አለ። ሁሉም ፖርትፎሊዮ በሚባል የሥራ ማህደር ውስጥ ይሰነዳል።

ለእኔ ትልቁ ነገር ባልደረባ ክፍል ገብቶ ማየቱ ነው። የእኔ ተመልካች ኋላ ወንበር ላይ ደብተሩን ይዞ ተቀመጠ። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ «ዘጠኝ ጥያቄ ጠየቅህ፤ ሰባቱን ራስህ መለስካቸው» አለኝ። ደነገጥኩ። በደንብ ያስተማርኩ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከጠየቅሁ በኋላ በልቤ እስከ አሥር እቆጥራለሁ። ዝምታው መጀመሪያ ላይ ያስጨንቃል። ስድስት፣ ሰባት ላይ ስደርስ ግን አንድ እጅ ይወጣል።

ችግርም አለው። ፖርትፎሊዮ ለማሟላት ብቻ የሚሯሯጡ አሉ፤ ያለፈውን ዓመት ሰልጣኝ ፋይል ተውሰው ስም የሚቀይሩም አይቻለሁ። ይሄ ያናድደኛል፤ የሚጎዱት ከፊታቸው የተቀመጡት ተማሪዎች ናቸውና። የተማሪው ብዛትም ሌላ ፈተና ነው። ሰባ ሰው ባለበት ክፍል፣ ወንበሩ ወለል ላይ ተቸንክሮ፣ «በቡድን ተቀመጡ» ማለት ቀላል አይደለም።

ዘንድሮ የምትገቡ ካላችሁ አንድ ነገር ልምከራችሁ። የሚያያችሁ ባልደረባ ከሌላ ትምህርት ክፍል እንዲሆን ጠይቁ። የእኔ የታሪክ መምህር ነበር። ፊዚክሱን ስለማያውቅ፣ ተማሪዎቹ የጠፉበትን ቦታ ከእኔ ቀድሞ ያየው እሱ ነው። እሱም እዚያው ጋ ጠፍቶ ነበር።