ቲሸርቱን ማን ሰፋው? ቢሮውን ማን ጠረገው?

የተማሪ ንቅናቄ ሲባል እኛ ጋ ቶሎ የሚታወሰው «መሬት ለአራሹ» ነው። የ1957ቱ ሰልፍና ከዚያ ወዲያ የመጣው ጣጣ ሁሉ። የአሜሪካ ተማሪዎች ለሠራተኛና ለስደተኛ መብት የሚያደርጉት ትግል ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ሥርዓት ይገልበጥ የሚል ድምፅ አይጠፋም፤ ዋናው ጭቅጭቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሰዓት ክፍያ ላይ 2 ወይም 3 ዶላር የማስጨመር ነው። ጭቅጭቁም ከገዛ ትምህርት ቤታቸው ጋር ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ በ1990ዎቹ መጨረሻ የተቀጣጠለው በቲሸርት ነው። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ስሙንና ዓርማውን ያከራያል። የልብስ ኩባንያው ዓርማውን ሹራብና ቲሸርት ላይ አትሞ ይሸጣል፣ ለትምህርት ቤቱም ከሽያጩ ድርሻ ይከፍላል። ተማሪዎቹ ታዲያ አንድ ቀላል ጥያቄ አነሱ፤ ይሄ ነገር የት ነው የተሰፋው? ኩባንያዎቹ የፋብሪካዎቹን አድራሻ እንደ ንግድ ምስጢር ነበር የሚይዙት። በ1998 «ዩናይትድ ስቱደንትስ አጌንስት ስዌትሾፕስ» የሚባል ማኅበር ተቋቋመ። ስዌትሾፕ ማለት ጉልበት በርካሽ የሚበዘበዝበት የስፌት ፋብሪካ ነው። በ1999 መጀመሪያ የዱክ፣ የጆርጅታውንና የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች የአስተዳደር ቢሮ ገብተው አድራሻው ይፋ ካልሆነ አንወጣም አሉ።

ማነቆው የቱ ጋ እንደሆነ ያወቁት ያኔ ይመስለኛል። ተማሪ ብዙ ገንዘብ የለውም፣ ሕግ አያወጣም። ዩኒቨርሲቲ ግን ስሙ ሲነካ ይደነግጣል፣ ኩባንያውም ውሉ ሲነካ። ስለዚህ ስሙንና ውሉን ያዙ። በ2000 «ዎርከር ራይትስ ኮንሶርቲየም» ተመሠረተ። ይህ ድርጅት ከልብስ ኩባንያዎች ገንዘብ ሳይቀበል ፋብሪካዎችን ይመረምራል፤ ከመቶ በላይ ዩኒቨርሲቲዎችም አባል ናቸው።

ትልቁ ድል የሆንዱራሱ ነው። ራስል የተባለው የስፖርት ልብስ ኩባንያ፣ ሠራተኞቹ ማኅበር ካቋቋሙ በኋላ ሆንዱራስ ያለውን ፋብሪካ ዘጋ። ወደ 1,200 ሰው ሥራ ፈታ። ተማሪዎቹ ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት እየዞሩ ወደ መቶ የሚጠጉ ዩኒቨርሲቲዎች ከራስል ጋር ያላቸውን ውል እንዲያቋርጡ አደረጉ። የኩባንያው የበላይ ባለቤት ባለጠጋው ዋረን ቡፌት ስለሆነ እሱ የሚኖርበት ኦማሃ ከተማ ድረስ ሄደው በሩን ያንኳኩም ነበሩ! በኖቬምበር 2009 ኩባንያው እጅ ሰጠ፣ ሠራተኞቹን እንደገና ሊቀጥር፣ ማኅበራቸውንም ሊቀበል ተስማማ።

እኛ ጋ ሲደርስ ጥያቄው ይከብዳል። ያው ኮንሶርቲየም በ2018 መጨረሻ ስለ ኢትዮጵያ ልብስ ፋብሪካዎች ሪፖርት አውጥቶ ነበር። በሰዓት እስከ 12 የአሜሪካ ሳንቲም የወረደ ክፍያ እንዳገኘ ጽፏል። በዓመቱ የወጣ ሌላ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት መነሻ ደመወዙን በወር 26 ዶላር አድርጎታል። የግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ ደመወዝ በሕግ ስላልተወሰነ ይሄ ሕገወጥ አልነበረም። አንባቢ «ደመወዝ ጨምሩ ሲባል ልብሱን የሚገዛው ኩባንያ ጥሎ ቢሄድስ?» ቢል አይፈረድበትም። አሜሪካ በ2022 ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከመሸጥ ዕድል፣ ስታስወጣ ሐዋሳ ላይ ሥራ ያጡት በእነዚሁ ፋብሪካዎች የሚሠሩት ልጃገረዶች ናቸው፤ እርግጥ ያንን ያደረገው መንግሥት እንጂ ተማሪ አይደለም። የሆንዱራሱን ዘመቻ የሚለየውም ይሄ ነው። ግቡ ፋብሪካው እንዲከፈት እንጂ እንዲዘጋ አልነበረም።

የትግሉ ሁለተኛ መልክ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ነው። በጣም የሚታወቀው ሃርቫርድ ነው። ያኔ ዩኒቨርሲቲው 19 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተቀማጭ ሀብት ነበረው፤ የጽዳት፣ የጥበቃና የምግብ ቤት ሠራተኛው ግን፣ ብዙዎቹ ከሄይቲና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጡ ስደተኞች፣ ሁለት ሥራ እየሠራ ኪራይ አይሞላለትም። ከተማዋ ካምብሪጅ እንኳ ለራሷ ሠራተኞች በሰዓት 10 ዶላር መነሻ አውጥታለች። ተማሪዎቹ 10.25 ጠየቁ። ሁለት ዓመት ያህል ደብዳቤና ሰልፍ ከሆነ በኋላ፣ ኤፕሪል 18 ቀን 2001፣ ወደ 50 የሚጠጉት የፕሬዚዳንቱ ቢሮ ያለበት ማሳቹሴትስ ሆል ገብተው ተቀመጡ። 21 ቀን! ደጅ ላይ ድንኳን በድንኳን ሆነ። ሴናተር ቴድ ኬኔዲ ሳይቀር መጥቶ ጎበኛቸው።

ሲወጡ በእጃቸው የነበረው ኮሚቴ ይቋቋማል የሚል ቃል ነው። ኮሚቴ ሲባል ነገሩ ተቀበረ ማለት ነው ብዬ እኔ ብሆን ተስፋ በቆረጥኩ። ይሄኛው ግን ሠራ። በ2002 መጀመሪያ የጽዳት ሠራተኞቹ መነሻ ክፍያ ከ11 ዶላር በላይ ሆነ፤ በኤጀንሲ የተቀጠረውም በቋሚነት ከተቀጠረው እኩል እንዲከፈለው ተወሰነ። ከገንዘቡ ይልቅ ይቺ የመጨረሻዋ ትበልጣለች። ዲሲ ፓርኪንግ ወይም ጽዳት የሠራ ሐበሻ ጉዳዩን ያውቀዋል፤ ሕንጻው የአንዱ፣ ዩኒፎርሙ ላይ ያለው ስም የሌላው፣ ስትጠይቅ ሁለቱም «እኔን አይመለከትም»። እዚያው ዲሲ፣ ጆርጅታውን፣ በ2005 ከ20 በላይ ተማሪዎች የርሃብ አድማ አድርገው በኮንትራት ለሚሠሩት ጭማሪ አስገኝተዋል።

ድክመቱም አይደበቅም። ተማሪ በአራት ዓመት ይመረቃል። ሠራተኛው እዚያው ነው፣ አለቃውም እዚያው። ስለዚህ የሠራተኛ ማኅበሩ ካልጠነከረ የተገኘው ነገር ይሸረሸራል። በ2016 ሃርቫርድ ላይ 750 የምግብ ቤት ሠራተኞች ለ22 ቀን ሥራ ሲያቆሙ፣ ግንባር ላይ የቆሙት ራሳቸው ነበሩ፤ ተማሪው ከኋላ ነው የደገፈው። ትክክለኛው ቦታም እሱ ይመስለኛል።

ስደተኛው ራሱ ተማሪው ሲሆንስ? በልጅነታቸው መጥተው ወረቀት የሌላቸው ልጆች ለረጅም ጊዜ ተደብቀው ነበር የሚኖሩት። በ2001 የቀረበላቸው ድሪም አክት የተባለ ረቂቅ ሕግ ሳይጸድቅ ዓመታት አለፉ። በ2010 አራት ተማሪዎች ከማያሚ ዋሽንግተን በእግራቸው ተጓዙ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ሴኔቱ 55 ለ41 ድምፅ ሰጠ፤ የሚያስፈልገው 60 ነበርና ወደቀ። ልጆቹ ግን ስማቸውን በአደባባይ መናገራቸውን አላቆሙም። ጁን 15 ቀን 2012 ፕሬዚዳንት ኦባማ ለእነዚህ ልጆች ዳካ (DACA) የተባለውን መርሐ ግብር አወጁ፤ ከአገር አለመባረርና የሥራ ፈቃድ፣ በየሁለት ዓመቱ የሚታደስ። ግሪን ካርድ ግን አይደለም።

አሁን አሁን ተማሪ፣ ሠራተኛና ስደተኛ የሚባሉት አንድ ሰው ላይ እየገጠሙ ነው። በ2022 ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ላይ 48,000 የሚሆኑ ረዳት መምህራንና ተመራማሪዎች ሥራ አቆሙ፤ ብዙዎቹ ራሳቸው የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ናቸው። ዳካ ያላገኙ ተማሪዎችም ያንኑ ዩኒቨርሲቲ እኛንም ቅጠሩን ብለው ያዙት። ቤተ መጻሕፍት መሥራት፣ ላብራቶሪ መርዳት፣ ሌላው ልጅ የሚሠራውን ማለት ነው። በጃንዋሪ 2024 የዩኒቨርሲቲው ቦርድ ጉዳዩን ለአንድ ዓመት አቆየው።