የረጋ ማር ስኳር ተቀላቅሎበታል?

ቀፊራ ገበያ የተገዛ ማር ከርሞ ሲረጋ ስድቡ ሻጩ ላይ ይወርዳል። «አቦ፣ ስኳር ነው የሸጠልኝ!» ይባላል። ቶሎ አይፍረዱበት፤ ንጹሕ ማርም ይረጋል።

ማር ውስጥ በብዛት ያሉት ፍሩክቶስና ግሉኮስ የሚባሉ ሁለት ስኳሮች ናቸው። ውሃው አብዛኛውን ጊዜ ከ20 በመቶ አይበልጥም። በዚያች ውሃ ግሉኮሱ ሁሉ ሟሙቶ መቆየት አይችልም። ቀስ በቀስ እየተነጠለ ክሪስታል ይሠራል። ጣት ላይ አሸዋ አሸዋ የሚለው እሱ ነው። ፍሩክቶስ ግን በቀላሉ ስለሚሟሟ ፈሳሽ እንደሆነ ይቀራል። የሰም ፍርፋሪና የአበባ ብናኝ ደግሞ ለክሪስታሉ መነሻ ይሆኑታል። እንግዲህ በደንብ ያልተጣራ ማር ቶሎ ቢረጋ ምን ይገርማል?

ሙቀትም ይወስናል። ማር ፈጥኖ የሚረጋው 14 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ስለዚህ ከ1,800 ሜትር በላይ ያለችው ሐረር ብርዷ ያረጋዋል፤ ያው ማር ድሬ ወርዶ ፈሳሽ ሆኖ ሊከርም ይችላል።

በነገራችን ላይ፣ አለመርጋቱም የንጽሕና ማረጋገጫ አይደለም።

ማቅለጥ ከፈለጉ ዕቃውን 40 ዲግሪ ገደማ የሞቀ ውሃ ውስጥ ያስቀምጡት። እሳት ላይ አይጣዱት፤ መዓዛው ይጠፋል። ከላይ ቀጥኖ አረፋ ካወጣና ጠጅ ጠጅ ከሸተተ ግን መፍላት ጀምሯል።