907፣ 939፣ 991፦ አዲስ አበባ ውስጥ አደጋ ሲደርስ ለማን ይደወላል?

በአሜሪካ 911 ፖሊስም፣ አምቡላንስም፣ እሳት አደጋም ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112 እንዲሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ከመደወል በፊት የደረሰው ነገር ምን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል።

ለታመመ፣ ለተጎዳ ወይም ምጥ ለያዛት 907፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። እሳት፣ ጎርፍ ወይም ጉድጓድ የገባ ሰው ሲኖር 939 ይደወላል። ስርቆትና ድብደባ የ991፣ የፖሊስ ጉዳይ ነው።

ግራ የሚያጋባው የመኪና አደጋ ነው፤ ሦስቱንም ሊጠይቅ ይችላልና። ብዙ ሰው መጀመሪያ ፖሊስ ይጠራል። በእኔ እምነት ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነው። ሰው ከተጎዳ 907 ይቅደም፤ መኪናው ውስጥ ተጣብቆ ከቀረ ወይም ነዳጅ ከፈሰሰ 939 ይከተል። ጥፋተኛውን የሚለየው ፖሊስ ትንሽ ቢዘገይ የሚሞት የለም። ሁለት ሰዎች ካሉ ደግሞ ጥሪውን መከፋፈል ይችላሉ።

የተበጠሰ የኤሌክትሪክ ሽቦ መሬት ላይ ካለ ማንም እንዳይጠጋ ከልክሎ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት 905 መደወል ነው።

ከቁጥሩ ያልተናነሰ ችግር አድራሻ ነው። «ቦሌ ነን» ማለት አምቡላንሱን ያንከራትታል። የታወቀ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ባንክ ወይም ነዳጅ ማደያ ጠርቶ፣ ከዚያ በየት በኩል እንደሚታጠፍ መናገር ይሻላል። ተቀባዩ ጠይቆ ሳይጨርስ ስልኩ አይዘጋ፤ አንድ ሰው ደግሞ ዋናው መንገድ ላይ ወጥቶ ይጠብቅ።