ሮታቫይረስ፦ በጥርስ የሚመካኘው ተቅማጥ

ሮታቫይረስ የሕፃናትን ትንሹን አንጀት የሚያጠቃ ቫይረስ ነው። 5 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ያልያዘው ልጅ የለም ማለት ይቻላል፤ የሀብታም የድሃ ልጅ አይልም። ክፉኛ የሚጥለው ግን ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ያሉትን ነው። ጥርስ የሚወጣውም በዚሁ ዕድሜ ስለሆነ ብዙ ቤት ተቅማጡ «ጥርሱን ሊያበቅል ነው» ተብሎ ይታለፋል። በአንዳንድ አካባቢ ጭራሽ «ግግ ነው» ተብሎ ገና ያልወጣ ጥርስ ከድድ ተፈልፍሎ ይወጣል። ይህ ልጁን ያደማዋል፣ ለኢንፌክሽን ያጋልጠዋል እንጂ ተቅማጡን አያቆምም።

ቫይረሱን በ1973 እ.ኤ.አ. ያገኙት ተመራማሪዋ ሩት ቢሾፕና ባልደረቦቿ ናቸው። ሜልበርን፣ አውስትራሊያ ውስጥ ከታመሙ ሕፃናት አንጀት ናሙና ወስደው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አዩት። 11 ቁራጭ አርኤንኤ (የዘር መረጃውን የሚይዝ ሞለኪውል) አለው፤ ሦስት የፕሮቲን ሽፋን ተደራርቦበታል። በእጅና በአሻንጉሊት ላይ ስለሚቆይ፣ ለመያዝም ጥቂቱ ስለሚበቃ፣ ንጹሕ ቤት ያለ ልጅም አያመልጠውም።

አፍ ከገባ 2 ቀን ገደማ ቆይቶ ትውከትና ትኩሳት ይጀምራል፤ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ይከተላል። በአንጀት ግድግዳ ላይ እንደ ምንጣፍ ጸጉር የቆሙ ጥቃቅን ዘለላዎች አሉ። ቫይረሱ ምግብና ውሃ የሚመጥጡትን የጫፋቸውን ሴሎች ይገድላል። ኤንኤስፒ4 የተባለ ፕሮቲኑ ደግሞ እንደ መርዝ ሆኖ አንጀቱ ውሃና ጨው እንዲያፈስ ያደርጋል።

ልጅን የሚገድለው ይህ የፈሳሽ ማለቅ ነው። እርግብግቢቱ ይጎደጉዳል፣ ዓይኑ ይሰረጉዳል፣ ሲያለቅስ እንባ የለውም። ሆዱ ላይ ቆዳው ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ አይመለስም። እዚህ ከደረሰ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ጋ ነው።

አንቲባዮቲክ ቫይረሱን አይነካውም። የሚያድነው ኦአርኤስ (በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣ የጨውና የስኳር ዱቄት) ነው፤ አንጀት ተጎድቶም ቢሆን ጨውና ስኳር አብረው ሲገቡ ውሃውን ይዘው ያልፋሉ። ልጁ ካስመለሰው 10 ደቂቃ ታግሶ በማንኪያ ቀስ እያሉ መቀጠል ነው። ጡት አይቋረጥም። ዚንክ ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጣል፤ ተቅማጡ ቆመ ተብሎ በ3ኛው ቀን አይተውም።

ክትባቱ ኢትዮጵያ ውስጥ በ2006 ዓ.ም. ተጀመረ። በ6ኛውና በ10ኛው ሳምንት በአፍ የሚሰጥ ጠብታ ነው። የተከተበ ልጅም ሊያስቀምጠው ይችላል፤ ክትባቱ ይበልጥ የሚከላከለው ሆስፒታል የሚያስተኛውን ከባዱን ሕመም ነው።