ስለ ከተማ አውቶቡስ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በአውቶቡስ ስምሪት ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት ሙያዬን በተናገርኩ ቁጥር የሚሰጠኝ ምክር አንድ ነው፦ «አውቶቡስ ጨምሩ፤ ሰልፉ ይጠፋል።» ከተሳፋሪም፣ ከኃላፊም፣ ከገዛ ዘመዶቼም ስለሰማሁት እርሱን በስፋት አነሣለሁ፤ ሌሎቹን ግን በአጭሩ አልፋቸዋለሁ።

«አውቶቡስ የድሃ ከተማ መጓጓዣ ነው፤ ያደገ ከተማ ባቡር ይሠራል።» ሐሰት ነው። የምድር ውስጥ ባቡርን ለዓለም ያስተዋወቀችው ለንደን እንኳ ዛሬም በአውቶቡስ የምታጓጉዘው ሰው በዚያ ባቡር ከምታጓጉዘው ይበልጣል።

«መንገዱን የሚዘጋው አውቶቡስ ነው።» 12 ሜትር የሚረዝም አውቶቡስ ተከታትለው የቆሙ ሦስት የግል መኪኖችን ያህል እንኳ ቦታ አይዝም፤ የሚጭነው ግን 70 ሰው ነው። ሦስቱ መኪኖች ቢሞሉ 15 ሰው ይይዛሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ በእያንዳንዳቸው ውስጥ ያለው ሾፌሩ ብቻ ነው።

ወደ ዋናው ልመለስ። የአንድ መስመር አቅም የሚለካው በተመደቡለት አውቶቡሶች ብዛት ብቻ ሳይሆን በምልልሳቸው ፍጥነት ነው። ደርሶ መልስ 120 ደቂቃ በሚፈጅ መስመር ላይ 12 አውቶቡሶች ቢሰማሩ በየ10 ደቂቃው አንድ ይመጣል። መንገዱ ተጨናንቆ ምልልሱ 180 ደቂቃ ሲሆን እነዚያው 12 አውቶቡሶች የሚመጡት በየ15 ደቂቃው ነው፤ የቀድሞውን አገልግሎት ለመመለስ ብቻ 6 አውቶቡሶችን ከነሾፌሮቻቸው፣ ከነነዳጃቸውና ከነመለዋወጫቸው መጨመር ግድ ይሆናል። ምልልሱን ወደ 90 ደቂቃ ማውረድ ቢቻል ግን አንድም አውቶቡስ ሳይገዛ በየ7 ደቂቃ ተኩሉ አንድ ይደርሳል። ይህን ስሌት በወረቀት ጽፌ ያላሳየሁት ኃላፊ የለም፤ በማግስቱ ግን የሚጠየቀው አሁንም የግዢ በጀት ነው።

ጊዜው የሚባክነው የት እንደሆነ ለማየት አንድ ጠዋት ሰዓት ይዤ ፌርማታ ላይ ቆሜ ነበር። የፊት በሩን ብቻ የከፈተ አውቶቡስ 41 ሰዎችን ለመጫን ሦስት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ፈጀበት። አንድ አዛውንት ከውስጥ ኪሳቸው ያወጡትን ሳንቲም እየቆጠሩ ሲከፍሉ ከኋላቸው ያለው ሰልፍ በሙሉ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ጥፋቱ የእርሳቸው አይደለም፤ ክፍያው በር ላይ ይፈጸም ያለው አሠራር ነው። የብራዚሏ ኩሪቲባ ይህን ቀድማ ተረድታለች፦ እ.ኤ.አ. በ1974 ለአውቶቡስ ብቻ የተከለለ መንገድ ከፈተች፤ በ1991 ደግሞ ተሳፋሪው አስቀድሞ ከፍሎ የሚጠብቅባቸውን፣ ወለላቸው ከአውቶቡሱ ወለል ጋር የተስተካከለ ባለ ቱቦ ቅርጽ ጣቢያዎችን ሠራች። ይህንኑ መንገድ የተከተለችው የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታም እ.ኤ.አ. ከ2000 መጨረሻ ጀምሮ በዘረጋችው ሥርዓት ሥራ በሚበዛበት ሰዓት በአንድ አቅጣጫ በሰዓት ከ40,000 በላይ ሰዎችን ለማጓጓዝ በቅታለች። ስለዚህ አዲስ አውቶቡስ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ መስመር ምረጡና ደቂቃዎቹ የሚያልቁት በር ላይ፣ መብራት ላይ ወይስ በግል መኪኖች መካከል እንደሆነ ለዩ። ከዚያ በኋላም አውቶቡስ ካነሰ ግዙ፤ ለመጠየቅም እኔ ቀዳሚው ነኝ።

«ሁለት አውቶቡሶች ተከታትለው የሚመጡት ሾፌሮቹ ሲጫወቱ ስለቆዩ ነው» የሚለውም ሐሰት ነው፤ መከታተሉ የሚመነጨው ከዚሁ ከመጫኛው ጊዜ ነው። የፊተኛው ሁለት ደቂቃ ቢዘገይ በቀጣዩ ፌርማታ የሚጠብቀው ሰው ይበዛል፤ ሰው ሲበዛ መጫኛው ጊዜ ይረዝማል፤ የኋለኛው ግን ሰው የተነሣለት ፌርማታ እያገኘ ይደርስበታል። መድኃኒቱ የኋለኛውን መሐል መስመር ላይ ለጥቂት ደቂቃ ማቆየት ነው። ይህን ባደረግሁ ቁጥር ተሳፍረው የተቀመጡት ይቆጡኛል፤ ቁጣቸው ይገባኛል፤ ነገር ግን ካላቆየሁት ከሁለቱ በኋላ ፌርማታ የሚደርስ ሰው ሃያ ደቂቃ ሊቆም ነው። እርስዎም ሁለቱ ተከታትለው ሲመጡ ካዩ ወደ ፊተኛው አይጋፉ፤ የኋለኛው ብዙውን ጊዜ ባዶ ወንበር አለው።